ክርን

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከሰዓት ጠጋኙ ጎን፣
ከቢጁ ሱቅ ጓዳ አቀርቅሬ ቀኑን፣
የሰው ራኬት ጅማት ስወጥር እውላለሁ፤
በኪሎ ለክቼ፣ በጣት ነካ አድርጌ፣ ድምፁን እሰማለሁ።

ሐሙስ ማታ ነበር፤ አየሩ እርጥብ ፎጣ፣
መነጽር ጉም ለብሶ ከሱቅ የሚወጣ።
ዘነቡ ገባች። ስሟን ያወቅሁት ኋላ ነው።
ጥቁር ሻርፕ፣ ነጭ ሸራ ጫማ፣
አራት ቦታ የታጠፈ ድርሃም በመዳፏ።
«አበሻ ነህ?»
ነኝ አልኳት።
«እንግዲያ በአማርኛ ልንገርህ፣ በአረብኛ አልሆን አለኝ፤
ቀላል ይሁን፣ ሲመታ ግን የሚሰማ፤ እንዲያ ያለ ካለ ስጠኝ።»

ቀላል! በእኛ አፍ እኮ ቀላል መባል ነውር ነው፤
ቀላል ሰው የሚሉት ወሬ የሚነፍሰው፣
ከባድ ሰው ሲመጣ ነው ወንበር የሚለቀው።
እዚህ ጓዳ ግን ዳኛው ግራም ነው።

አንዱን አወረድኩላት፤ ሁለት መቶ ስልሳ፣
ፊቱ ሰፊ፣ ክፈፉ ወፍራም፣
አንገቱን በአንድ ጣቴ ደግፌ ሚዛኑን አሳየኋት።
«አየሽ፣ ወደ ራሱ ደፋ። ምሳር በይው፤
እጀታው ባዶ ነው፣ ነገሩ ያለው ጫፉ ላይ ነው።»

«ክፋቱስ?» አለች።
ክፋት የሚጠይቅ ገዢ በወር አንድ አይመጣም።
«ኳስ ሲከብደው ይንቀጠቀጣል፤
መንቀጥቀጡን ለራሱ አያስቀር፣ ወደ ክርን ይልካል።»
እጅጌዋን ሰበሰበች። ክርኗ ላይ ፕላስተር።
«ይሄ የቴኒስ አይደለም» አለች፤ «የምንጣፍ ነው።»

ለልጆች መስሎኝ ቀጭን እጀታ ስፈልግ
«ለኔ ነው» አለች።
«ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ልጅ ኳስ አቀበልኩ፣
አባትየው በጣለው፣ እንደ ዘነዘና በሚከብድ ራኬት።
ልጁ ሰለቸው፤ እኔ ባሰብኝ።
አሁን አርብ አርብ፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ከግቢው ሜዳ
ማሪቤል አለች፣ ኩማሪ አለች፣ አንዲት የደብረ ታቦር ልጅ አለች፤
ቤቱ እስኪነቃ፣ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል።
ኩማሪ ታሸንፈኛለች።
ስድስቱን ቀን ከባድ ሳነሳ ነው የምውለው፤
አርብ እንኳ ይቅለለኝ።»

«ልወዝውዘው?» አለች፤ ቦታ የለም ሳልላት
ወዘወዘችው። የባድሜንተን ላባው ሁሉ ከመደርደሪያው ረገፈ፣
ቢጁ ላይ፣ የቢጁ ሻይ ላይ።
ቢጁ በማላያላም አንድ ነገር አለ፤ ትርጉሙን አልጠየቅንም።
ከዚያ ከዋጋው አስር ድርሃም ቀነሰ፤
ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ጓዳ ገባሁ። ሃያ አራት የሚባለውን በሃያ ወጠርኩት፤
ላላ ያለ ጅማት ኳሱን ለአፍታ ያቅፋል፣
ቁጣውን ውጦለት ነው የሚሸኘው።
ክርን አላልተው ነው ክርን የሚያድኑት፤
ሁለቱን በአንድ ቃል
ያለ ነገር አይደል አገር የጠሩት።

በአምስተኛው ሳምንት መጣች፣ ራኬቱን በፌስታል ጠቅልላ፤
«ሰበርኩት መሰለኝ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ትከሻዋ ላልቶ ላላ።
ተቀብዬ አየሁት።
ጅማት ወጣሪ መዳፍ አንባቢ ነው፤
ጠርዙ ላይ ቢበጠስ፣ ኳሱን ስታው ነው፤
ጫፉ ላይ ቢሆን፣ ዘግይታ ደርሳ ነው።
የሷ ግን መሀሉ ላይ ነው።
አንድ ክር፣ ልክ ከእምብርቱ፤
አምስት አርብ ማለዳ አንዲቱን ቦታ ሲመላለሱባት
ሳስታ፣ ሳስታ፣ ያለቀች።

«አልሰበርሽውም» አልኳት። «እዚህ የሚበጠሰው ለሚያውቅ ሰው ነው።»
ዝም ብላ አየችው፤ ጣቷን በቀዳዳው አሾለከች።
«ክርንሽስ?»
«ምንጣፉ ነው» አለች አሁንም፤ «ቴኒሱ አይደለም።»
ከበሩ ደርሳ ዞረች፦
«ኩማሪን ስድስት ለሁለት።»

ቢጁ ይሄን ጊዜ ላባዎቹን አንድ በአንድ
ወደ ላይኛው መደርደሪያ ያወጣ ነበር።